ሁለት ባልዲ የመንግሥት አሸዋ

በኦክላንድ ምን ምን ይሰረቃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መኪና እላለሁ፣ ስልክ እላለሁ፣ በተሰበረ የመኪና መስኮት እጅ አስገብቶ የሚወጣውን ሁሉ እላለሁ። አሸዋ ግን አልልም ነበር። አሸዋ ይሰረቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጸበል ቢወሰድ ይሻለዋል ባይ ነበርኩ። ይኸው ሰረቅኩና አረፍኩት።

ሥራዬ ከአየር ማረፊያው ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ሰው ማመላለስ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ስዞር እንደምውል እኔም መቁጠሩን ትቻለሁ። ብዙ ተጉዞ የትም ያልደረሰ ሰው ብትፈልጉ እኔን ጥሩ። ቅዳሜ ግን ኦፍ ነኝ። ቅዳሜ ኦፍ የሆነ ሰው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንደተፈጠረ ይቆጠራል። ይህንን የወሰኑት እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ የጧፍ ኃላፊ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸው ግን እንዳልተወለደ ይታወቃል።

በቤተ ክርስቲያናችን በራፍ ምእመናን ጧፍ የሚያቆሙበት ትልቅ የብረት ትሪ አለ። ውስጡ አሸዋ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ለዓመታት ሰም ሲጠጣ ከርሞ ድንጋይ ሆኗል። ባለፈው አንዲት እናት ጧፏን ልታቆም ስትታገል አይቼ መዶሻ ላቀብላት ምንም አልቀረኝ።

«አንተ» አሉኝ እትዬ ብርቄ፣ «ቅዳሜ ሥራ የለህም አይደል?»

«የለኝም እትዬ።»

«እንግዲያው አሸዋ ታመጣለህ።»

«እሺ፣ ከሱቅ እገዛለሁ።»

«ለአሸዋ ሱቅ?» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ዙሪያችንን ባሕር ከቦን?»

እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ከኦክላንድ ወደ አላሜዳ እኮ አንዷን ዋሻ ማለፍ ነው። ከውሃው ሥር ገባ፣ ከውሃው ማዶ ብቅ። እዚያ ደግሞ ዓይን እስከሚያይ የተዘረጋ አሸዋ አለ። የማንም አይደለም። ከላይ የተሰጠ ነው። እንዲህ ብዬ ሁለት ባልዲ ይዤ በጠዋት ሄድኩ።

ስደርስ ዳርቻው እንደወትሮው አልነበረም። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው ወደ ውሃው ያነጣጥራሉ። ባንዲራ የታሰረባቸው ካስማዎች በመስመር ቆመዋል። አስፋልት ሊያነጥፉበት ነው ብዬ አዘንኩ። «ይህችን የመሰለች ዳርቻ!» አልኩና፣ ከመጥፋቷ በፊት ለመታሰቢያ ብዬ ፎቶ ተነሣሁ። ቆንጆ የወፍ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ፣ ሁለቱን ባልዲ ከፍ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ። ፎቶውንም ወዲያው በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አሸዋው እየመጣ ነው» የሚል ጽፌበት ለጠፍኩት። ልብ በሉ፤ ሌሎች ሌቦች ፊታቸውን ይሸፍናሉ።

አሁን ደግሞ አመራረጤን ተመልከቱ። ከዚያ ሁሉ ግራጫ አሸዋ መሐል፣ ከአንዱ ካስማ ሥር፣ ሮዝ የመሰለ፣ ንጹሕ፣ ተነፍቶ የተቀመጠ የሚመስል አሸዋ አየሁ። ለእግዚአብሔር ቤት ከተወሰደ አይቀር የተመረጠው ይወሰዳል። ካስማው ለመዛቅ አላመች ስላለኝ ነቀልኩት። ሁለቱን ባልዲ ሞላሁ። ከዚያ ጨዋ ሰው ነኝና ካስማውን መልሼ ተከልኩት። ቦታው ላይ ነው ብዬ አልምልም፤ አንድ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሳይል አልቀረም። ግን ቀጥ አድርጌ ነው የተከልኩት።

እሑድ ትሪው አበራ። ያ ሮዝ አሸዋ በጧፉ ብርሃን የተለየ ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ «ከየት የመጣ ነው?» ይላል። እኔ «ከባሕር» አልኩ። ይችን አንዲት ቃል ነው የተናገርኩት፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ስገባ «ከባሕር» የምትለዋ ቃል «ከቀይ ባሕር» ሆና ጠበቀችኝ። ቡና ሳይቀዳልኝ «ሙሴ ከተሻገረበት» ሆነች። መኪናዬ ጋ ስደርስ የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ «እንዴት ያለ መንገድ ሄደህ አመጣኸው!» አለችኝ። መንገዱ በትራፊክም ቢሆን ሩብ ሰዓት እንደማይሞላ ልነግራት አፌን ስከፍት ጉልበቴን ሳመችኝ። ግራ ገብቶኝ «አሜን» አልኩ።

ሰኞ ወደ ሌላው ጭንቀቴ ተመለስኩ። ለዜግነት ኢንተርቪው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረኝ። ልጄ ሜሮን ሃይስኩል ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። ማታ ማታ ከእራት በፊት ጥያቄውን እያነበበች ትፈትነኛለች። የሴናተሩን ቁጥር አውቃለሁ፣ የባንዲራውን መስመር አውቃለሁ። አንዷ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ታደናግረኛለች፦ ወንጀል ሠርተህ ሳትያዝ የቀረህበት ጊዜ አለ ወይ? እናንተዬ፣ ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ያልተያዘ ሰው «አዎ» ካለ ያልተያዘነቱ እዚያው ላይ ያበቃ የለም?

«ኖ» አልኩ እንደወትሮው።

ሜሮን የጥያቄውን ወረቀት አስቀመጠች። ስልኬን ይዛ የቴሌግራሙን ፎቶ እያየች ነበር። በሁለት ጣቷ አተለቀችው።

«ዳድ» አለች፣ «ዲድ ዩ ሪድ ዘ ሳይን?»

«የወፏን ነው? አይቻለሁ፤ ቆንጆ ናት።»

አነበበችልኝ። ሰሌዳው የመንግሥት ነው። ዳርቻው እየተሸረሸረ ስለሆነ አሸዋው በማዕበል ወዴት እንደሚሄድ እየተጠና ነው ይላል። ከሥሩ ሦስት ነገር ይዘረዝራል፦ ካስማ መንቀል፣ ባለ ቀለሙን አሸዋ መነካካት፣ አሸዋ ከዳርቻው ማውጣት።

«ታዲያ አድርጉ ነው የሚለው?» አልኩ።

«ኖ፣ ዳድ። ዩር ሄድ ኢዝ ኦን ዘ ዶንት።»

ለካ «አታድርጉ» የምትለዋን ቃል ጭንቅላቴ ሸፍኗታል! በፎቶው ላይ መንግሥት ካስማውን ንቀል፣ አሸዋውን ውሰድ እያለ ያዝዘኛል፤ እኔም ባልዲዬን አንሥቼ በደስታ እታዘዛለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ተኽለ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተኽለ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ኦክላንድ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ጁሪ ሆነው ስለተጠሩ የሰፈሩ የሕግ አማካሪ እሳቸው ናቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስማኝ» አሉ። «ሌባ ሲሰርቅ አይያዝም። ሲመልስ ነው የሚያዘው።»

«ስለዚህ አልመልስ?»

«እንዴት አትመልስም! የሰው ንብረት!»

«ታዲያ ልመልስ?»

«ነገርኩህ እኮ» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ከገባሁበት ይበልጥ ግራ ተጋብቼ ወጣሁ። ቢሆንም ለመመለስ ወሰንኩ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ትሪው ተጋምሷል።

«እትዬ፣ አሸዋው የት ሄደ?»

«ሰዉ በረከት እየወሰደ ነው።»

«እትዬ፣ ይህ እኮ ለጥናት ብሎ መንግሥት ቀለም የቀባው ነው!»

«መንግሥትንስ ማን አስቀባው?» አሉኝ።

በብዙ ልመና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ማይክ ያዝኩ። «ወገኖቼ፣ ያ አሸዋ የመንግሥት ነው፤ የወሰዳችሁ በሙሉ እንድትመልሱ በትሕትና እጠይቃለሁ» አልኩ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም። «ምን አለ? ምን አለ?» ተባለ። አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው «የመንግሥተ ሰማያት ነው አለ» ብለው አስተላለፉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አትጠይቁኝ። አሸዋው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ፣ አመላለሱ ግን ሌላ ነው። በመድኃኒት ጠርሙስ መጣ፣ በመሐረብ ተቋጥሮ መጣ፣ በበርበሬ ዕቃ መጣ። ከሳን ሆዜ ድረስ መኪና ነድተው ያመጡ ባልና ሚስት አሉ። አንዷ እናት ከሮዙ ጋር ነጭ አሸዋ ቀላቅላ «ይህ ከዮርዳኖስ ያመጣሁት ነው፤ የእኔም አብሮ ይሂድልኝ» አለችኝ። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቀችኝም። በመጨረሻ ስሰፍረው ሦስት ባልዲ ሞላ። ሁለት ሰርቄ ሦስት የምመልስ ሌባ ሆንኩ። ለትሪው የሚሆን አሸዋ ከሱቅ ገዝቼ ተካሁ፤ እትዬ ብርቄ አይተው «ይኼ ፊቱ የገረጣ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ሦስቱን ባልዲ በፌስታል ሸፍኜ ይዤ አላሜዳ ወረድኩ። ዓላማዬ ቀላል ነበር፤ ደፍቶ መሮጥ። ገና ካስማዎቹ ጋ ሳልደርስ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ሴት እየሮጠች መጣች።

«አር ዩ ዘ ቮለንቲር?» አለችኝ። ለካ በነፃ የሚያግዛቸው ሰው ስትጠብቅ ኖሯል።

አሜሪካ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ቢኖር ያልገባህን ጥያቄ «የስ» ብለህ መመለስ ነው። «የስ» አልኩ። ወዲያው ሰደርያ አለበሰችኝ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ አስያዘችኝ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ አቆመችኝ። ሌባ በሰረቀበት ቦታ ሰደርያ ለብሶ ሲያገለግል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ደግሞ የሚቀዘቅዘው ነገር!

ስሟ ክሌር ነው። የምትሠራው ለመንግሥት ነው፤ ዳርቻው ላይ ከየት ወዴት እንደሚሸረሸር አጥንታ ሪፖርት ታቀርባለች። እኔ ዘንጉን ስይዝ እሷ በመሣሪያው እያየች ታወራኛለች። ጥሩ ልብ ያላት ልጅ ናት፤ ስለ አሸዋ ስታወራ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ ነው። ዳርቻው ራሱ ዱሮ በጀልባ በመጣ አሸዋ የተሠራ መሆኑን ነገረችኝ። ማዕበሉ ይወስደዋል፣ መንግሥት ይመልሳል፣ ማዕበሉ ይወስደዋል። «ስለዚህ ወዴት እንደሚሄድ ካላወቅን አሸዋውን የምናፈሰው ውሃ ውስጥ ነው» አለችኝ። ለዚህ ነው ሮዝ የቀቡት።

«እና ወዴት ሄደ?» አልኩ ሳላስብ።

ክሌር ከመሣሪያው ቀና አለች። ፊቷን አየሁት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«አናውቅም» አለች። «ከአንዱ ካስማ ሥር በአንድ ቀን ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። ማዕበሉ ጸጥ ያለ ነበር። ካስማው ራሱ ተንቀሳቅሷል። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠንበታል።»

እኔ ዘንጌን አጥብቄ ያዝኩ።

ምሳዋን ልታመጣ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ጊዜው አሁን ነው አልኩ። ሦስቱንም ባልዲ ካስማው ሥር ደፋሁና ወደ ውሃዬ ተመልሼ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ክሌር ሳንድዊቿን እየገመጠች መጣች። ካስማው ጋ ስትደርስ ሳንድዊቹ ከእጇ ወደቀ።

«ኢት ኬም ባክ!» ብላ ጮኸች።

ተንበርክካ አየችው፣ ዘግና በማጉያ መነጽር መረመረችው። ነጭ አሸዋ አገኘች። የሰም ፍርፋሪ አገኘች። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና በድንጋጤ አየችኝ።

«ፓፕሪካ?» አለች።

እኔ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በኩል ዞሬ ሰማዩን ተመለከትኩ። ነገሩን ልፈታ ሄጄ ጨርሼ አሰርኩት። በአንድ ቀን የጠፋው አሸዋ በአንድ ሳንድዊች ዕድሜ ቅመም ጨምሮ ተመለሰ። ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኢንተርቪው ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት። ስንለያይ አመስግናኝ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ለሕዝብ ስብሰባ እንድመጣ ጋበዘችኝ።

ኢንተርቪው ማክሰኞ ነበር። ፀጉሯ የሸበተ የኢሚግሬሽን መኮንን ቁጭ ብላለች። ሴናተሩን መለስኩ፣ ባንዲራውን መለስኩ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች። ለሦስት ሳምንት የተለማመድኳት «ኖ» ግን ከአፌ አልወጣ አለች። ከክሌር የተላጠ አፍንጫ ጋር ተጋጨች መሰለኝ።

«የስ» አልኩ።

ብዕሩ ቆመ። «ዋት ዲድ ዩ ዱ፣ ሰር?»

«ሳንድ» አልኩ። «ቱ ባኬትስ። ባት አይ ሪተርንድ ስሪ።»

መነጽሯን አወለቀች። ተይዘሃል ወይ፣ ተከሰሃል ወይ፣ የቅጣት ቲኬት ተሰጥቶሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ አልኩ። ለምን ሦስት እንደመለስኩ ጠየቀችኝ። ስለ ዮርዳኖስ መናገር ስጀምር እጇን አነሣች። «ኔክስት ኩዌስችን» አለች፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለፍኩ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር «ኔክስት ኩዌስችን» ሆኖ ቀረ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ ሳላውቅ ባርት የሚባለውን ባቡር ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ።

«አለቀ!» አልኳት ሜሮንን። «ነፃ ነኝ። ሐሙስ ስብሰባ የሚባል አልሄድም።»

«ሶ ዩ አር ፋይን» አለች ቀና ሳትል። «ኢዝ ክሌር ፋይን?»

ልጅ አሳድጉ ተብላችሁ የምትመከሩ ሰዎች፣ እንደገና አስቡበት።

ሐሙስ ከሰዓት አላሜዳ አዳራሽ ተገኘሁ። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ውሻ ይዘው የመጡ፣ ካርታ የዘረጉ፤ ሙሉ ነው። ክሌር በስክሪን ላይ ዳርቻውን አሳየች። ሁሉም ቦታ ትንንሽ ቀስቶች አሉ፤ አሸዋው የሚሄድበትን ያመለክታሉ። በአንድ ቦታ ግን ከሁሉም የበለጠ ትልቅ ቀይ ቀስት ወደ ውሃው ተወርውሯል፤ ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። አለቃዋ ተነሥቶ ይህ ቦታ አሸዋ ስለማይቋጥር ሊመጣ የታሰበው አዲስ አሸዋ እዚያ እንዳይደፋ ሐሳብ አቀረበ። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «እኔ በዚያች ጫፍ ነው ዘወትር የምሄደው፤ እንግዲህ ልትተዉን ነው?» አሉ። ክሌር አንገቷን ደፋች።

አስተያየት መስጫ ካርድ ሞልቼ ሰጠሁ። ስሜ ተጠራ። ማይኩ ፊት ቆምኩ።

«ዘት አሮው» አልኩ ቀይዋን ቀስት እያሳየሁ፣ «ኢት ኢዝ ሚ።»

ከዚያ አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ማጨብጨብ ጀመረ። «ዊ አር ኦል ዘ አሮው!» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ተከተለው። አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። ይኸው ደግሞ ቅኔ ተቀኝቼ ተገኘሁ!

«ኖ፣ ኖ!» አልኩ እጄን እያወናጨፍኩ። «ኖት ኦል! ኦንሊ ሚ! ባኬት!»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ከፍ አደረግኩ። ፊት የተቀመጡት አዩ። ለጎረቤታቸው አሳዩ። ሳቅ ከፊት ወደ ኋላ እየተንከባለለ ሄደ። እኔ ግን የማየው ክሌርን ነው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለኝ። ብዙ ቆይታ ቀና አለች፤ ሁለቱንም ነበር።

«ፓፕሪካው?» አለችኝ።

«በርበሬ ነው» አልኳት።

ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ ያችን ቀይ ቀስት አጠፋቻት። አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰለኝ። ክሌር ግን ሳይንቲስት ናት፤ የጠፋ ነገር የት እንደደረሰ ሳታይ አትተኛም። ያመለጠ አሸዋ ካለ መዝግባ ለመዝጋት በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ራሷን በሻርፕ ሸፍና፣ ጫማዋን አውልቃ ቤተ ክርስቲያናችን ገባች። በእጇ ወይን ጠጅ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ መብራት ይዛለች። ለካ ያ ቀለም በዚህ ብርሃን ሲታይ ያበራል። የመስኮቱ መጋረጃ እንዲዘጋ ለመነች። እትዬ ብርቄ «ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ። «የቀረ አሸዋ ልትፈልግ ነው» አልኳቸው። ሊከለክሏት ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን መጋረጃውን ራሳቸው ዘጉት።

ክሌር በጉልበቷ ተንበርክካ መብራቷን ምንጣፉ ላይ አበራች። ከትሪው ሥር፣ ከምንጣፉ ስፌት ውስጥ፣ አንዲት ፍሬ አሸዋ እንደ ፍም ቦግ አለች።

«ዋን» አለች ክሌር።

እትዬ ብርቄ እልልታቸውን ለቀቁት። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። ክሌር ደንግጣ ቀና አለች፤ ማንም እንዳልተቆጣት ስታይ ጎንበስ ብላ ቀጠለች። ከምሰሶው ሥር ሌላ ፍሬ በራች።

«ቱ።»

እልል። ከአንዲት እናት ነጠላ ጥለት ላይ ሦስተኛዋ። እልል። ከእኔ ካልሲ ላይ አራተኛዋ፤ ይህችኛዋ ላይ እልልታው በሳቅ ተቋረጠ። ክሌር ማስታወሻ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እኔ ተጠጋች። ፊቷ በወይን ጠጁ ብርሃን ውስጥ ፍጹም ግራ ተጋብቷል፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የእኔ ነው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እየቆጠሩልሽ ነው» አልኳት።